ምንም የማይሸከመው አግዳሚ

አንዳንድ ካፌዎች ውስጥ ቀና ብላችሁ ስታዩ ኮርኒሱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ወፋፍራም የእንጨት አግዳሚዎች ታያላችሁ። ጣሪያውን የተሸከሙት ይመስላሉ። ብዙዎቹ ግን ምንም አልተሸከሙም፤ እንዲያውም ጣሪያው ነው እነሱን የተሸከመው! ውስጣቸው ባዶ የሆነ የጌጥ ሳጥኖች ናቸው። ቤት ውስጥም ሊሠሩ ይችላሉ።

ለምን ባዶ ሆኑ? እስቲ እናስላው። ወርዱና ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ድፍን እንጨት ይዘቱ 0.16 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ እንጨት 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ አግዳሚው 80 ኪሎ ይሆናል። ያንኑ መልክ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ሦስት ጣውላዎች፣ ማለትም በአንድ የታችና በሁለት የጎን፣ ብንሠራው ግን ክብደቱ ወደ 22 ኪሎ ይወርዳል። ላዩን ኮርኒሱ ስለሚሸፍነው አራተኛ ጣውላ አያስፈልግም።

ሌላም ጥቅም አለው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ እምብዛም ነው፣ በወርዱ ግን በደንብ። የድፍን እንጨት ውጪው ቀድሞ ደርቆ ሊኮማተር ሲል፣ ገና እርጥብ የሆነው መሃሉ አላስኬድ ይለዋል። ስለዚህ ይሰነጠቃል። ቀጭን ጣውላ ግን ከሞላ ጎደል እኩል ይደርቃል።

ጣውላዎቹ የሚገናኙበት ጠርዝ በ45 ዲግሪ ከተቆረጠ መጋጠሚያው ልክ ማዕዘኑ ላይ ስለሚያርፍ አይታይም። ኮላ ተቀብቶ እስኪደርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፦ ይህ ሁሉ ክብደት በምን ላይ ይንጠለጠላል? ቺፕውዱ ላይ ከሆነ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል። ቺፕውድ የተሠራው ክፍተት ለመሸፈን እንጂ ለመሸከም አይደለም። ተሸካሚው ከበላዩ ያለው ሞራሌ ነው። የምስማሮቹ መስመር የት እንዳለ ያሳያችኋል፤ በጣት ስታንኳኩም ሞራሌ ያለበት ቦታ ድምፁ ድፍን ይላል። አግዳሚው ሞራሌዎቹን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ያኔ ክብደቱን ብዙ ሆነው ይካፈሉታል።

በእያንዳንዱ ሞራሌ ሥር 16 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጉማጅ እንጨት በረጅም ቪቴ ይታሰራል። ከዚያ ሳጥኑ ጉማጆቹን ውጦ ወደ ላይ ይገባና ከጎንና ከጎን በቪቴ ይያዛል።

ምስማርስ አይበቃም? ከታች ወደ ላይ የተመታ ምስማርን የሚይዘው ፍትጊያ ብቻ ነው፤ እርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። የቪቴ ጥርስ ግን የእንጨቱን ጭረት ነክሶ ይይዛል፤ እሱን ለመንቀል ጭረቱን መቅደድ ያስፈልጋል።

ሞራሌው በምስጥ የተበላ ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ቪቴ አያድንም። ስለዚህ ሳጥኑን ከመሥራታችሁ በፊት አንድ አናጺ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ሞራሌውን ይይላችሁ።