ቡና የተከሰሰበት ሕግ

ካሊፎርኒያ የኖረ ሰው ጽሑፉን ያውቀዋል። በመኪና ማቆሚያ መግቢያ፣ በነዳጅ ማደያ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በአዲስ ቦርሳ ላይ በተንጠለጠለች ወረቀት ተጽፎ ያገኘዋል፤ እዚህ ያለው ነገር ለካንሰር ወይም ለፅንስ ጉዳት ለሚዳርግ ኬሚካል ሊያጋልጥዎ ይችላል ይላል። አዲስ መጪ ይደነግጣል። ዓመት የቆየው ግን ከግድግዳው ቀለም ለይቶ አያየውም።

ጽሑፉን ያመጣው በተለምዶ «ፕሮፖዚሽን 65» የሚባለው ሕግ ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ በኖቬምበር 1986 በድምፁ አጸደቀው፤ 63 በመቶ ያህሉ ደገፈው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው እንደሚመስለው ዕቃ የሚከለክል ሕግ አይደለም። በዝርዝር የተያዙ ኬሚካሎችን ወደ መጠጥ ውኃ ምንጭ አትልቀቁ፤ ሰውን ከማጋለጣችሁ በፊት አስጠንቅቁ ይላል እንጂ። ሕጉን የተቃወሙት አገረ ገዥ ጆርጅ ዱክሜጂያን በ1987 ያወጡት የመጀመሪያ ዝርዝር 29 ኬሚካሎች ብቻ ነበሩት። የሠራተኛ ማኅበራት ከሰሱና ፍርድ ቤት ዝርዝሩ እንዲሰፋ አዘዘ። ዛሬ 900 ያህል ደርሷል።

የሕጉ ጉልበት ያለው የማስረዳት ሸክሙን በማዞሩ ላይ ነው። በ1976 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የኬሚካል ሕግ በወቅቱ ገበያ ላይ የነበሩ 62,000 ያህል ኬሚካሎችን ሳይመረመሩ እንዲቀጥሉ ትቷቸው ነበር፤ ጉዳት አለ የሚል ካለ አስረጂው መንግሥት ነው። በዚህም የተነሳ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1989 አስቤስቶስን ለማገድ ያወጣውን ደንብ ፍርድ ቤት በ1991 አብዛኛውን ሻረበት። አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ የቀረው የአስቤስቶስ ዓይነት የታገደው በ2024 ነው። በካሊፎርኒያ ግን ከሳሽ ኬሚካሉ በዝርዝሩ ውስጥ እንዳለና ሰው እንደተጋለጠ ካሳየ ይበቃዋል። መጠኑ 70 ዓመት ሙሉ ቢወሰድ እንኳ ከ100,000 ሰው ከአንድ በላይ ተጨማሪ የካንሰር ሕመምተኛ እንደማያስከትል ማስረዳት የሻጩ ፋንታ ነው።

ከሳሹ ደግሞ መንግሥት ብቻ አይደለም። ማንም ሰው የ60 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ዐቃቤ ሕግ ዝም ካለ በሕዝብ ስም መክሰስ ይችላል። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት በቀን እስከ 2,500 ዶላር ነው፤ ሩቡ ለከሳሹ ይሰጣል፣ የጠበቃ ክፍያም አለ። በዚህ የሚተዳደሩ የጥብቅና ቢሮዎች በቀሉ። ነጋዴውም አሰላ፦ አለመለጠፍ ያስከስሳል፣ ሳያስፈልግ መለጠፍ ምንም አያስከፍልም። ስለዚህ ሁሉም ለጠፈ።

ነገሩ ቡና ጋ ሲደርስ ለየለት። አክሪላማይድ ከ1990 ጀምሮ በዝርዝሩ ውስጥ የነበረ የፋብሪካ ኬሚካል ነው። በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች በተጠበሰና በተጋገረ ምግብ ውስጥ በራሱ ጊዜ እንደሚፈጠር አስታወቁ። ቡናም ሲቆላ ይፈጠርበታል፤ ጢሱን ለእንግዳ የምናዞርለትን መዓዛ የሚሰጠው ያው ሙቀት እሱንም ይፈጥረዋል። በ2010 አንድ አነስተኛ ድርጅት ስታርባክስን ጨምሮ 90 ያህል ኩባንያዎችን ከሰሰ። በ2018 ዳኛ ኢሊሁ በርል ኩባንያዎቹ አላስረዱም ብለው ፈረዱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን ገና በ2016 ቡና ካንሰር ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። ግዛቲቱ ራሷ አፈረች መሰለኝ፣ ቡና ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልገው ደንብ አወጣች፤ ደንቡ በኦክቶበር 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2022 አጸናው። በነገራችን ላይ ሕጉ ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ያሉትን ንግድ አይነካም። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በጥቂት ሰው የሚሠራ የሐበሻ ቤት ጀበናውን ሲያቀርብ ይህ ሁሉ ክርክር አይመለከተውም ነበር፤ አክሪላማይዱ ግን ያው ነው።

በዚህ ሳቅ የሚሸፈን ቁም ነገር አለ። ማስጠንቀቂያውን ላለመለጠፍ ሲሉ አምራቾች ኬሚካሉን ከዕቃቸው አወጡ። ከካልሲየም እንክብልና ከሸክላ ሳህን ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ተቀነሰ። ኮካ ኮላና ፔፕሲም በዚሁ ምክንያት በ2012 የካራሜል ቀለማቸው አሠራር እንደሚለወጥ አስታወቁ። ለአንድ ግዛት ብቻ ለይቶ ማምረት ስለማያዋጣ ጥቅሙ ለሌላውም ተረፈ። በእኔ ግምት ሕጉ የተሳካለት ምንም ባልተለጠፈበት ቦታ ነው።

ከ2018 ወዲህ ሙሉው ማስጠንቀቂያ ቢያንስ የአንድ ኬሚካል ስም መጥቀስ አለበት። ስለዚህ ከማስጠንቀቂያው ሦስት ማዕዘን ምልክት አልፋችሁ ስሙን አንብቡ። በልጅ ዕቃ ወይም በምግብ ሳህን ላይ «ሊድ» የሚል ካያችሁ፣ መደርደሪያው ላይ መልሱት።