ስለ ስኳር በሽታና ሕመም ስለማይሰማው እግር

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እሾህ ወግቶት ወይም ፍም ረግጦ ምንም ሳይሰማው ቢቀር፥ ቤተ ዘመዱ እግሩ ጠንካራ ነው ይላል። ነገሩ ግን ወሬውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ስለ ተበላሸ ነው። በደም ያለው ስኳር ብዙ ዘመን ከልኩ አልፎ ሲኖር ነርቭንና ነርቭን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳልና። ሐኪሞችም ይህን ጉዳት በአራት ወገን ይከፍሉታል።

ከሁሉ የሚበዛው የእግርና የእጅ ነርቭ ጉዳት ነው። ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ነርቭ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ረጅሙም አስቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ ደዌው ከሁለቱም እግሮች ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፥ በኋላም እጅን ይይዛል። በብዙ ሰው ላይ መጀመሪያ እንደ መርፌ ይወጋል፥ ያቃጥላል፥ ይልቁንም ሌሊት ይብሳል። ከዚያ በኋላ ይደነዝዛል። በዚህ ጊዜ በሽተኛው ዳንሁ ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ከሕመሙ ይልቅ ይህን ደስታ እፈራዋለሁ። ያልታየ ቁስል ይመረቅዛል፥ ወደ አጥንት ይዘልቃል፥ እግርንም እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። የጠፋ ስሜት ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ስኳርን በልኩ መጠበቅ ግን ጉዳቱን ያዘገየዋል።

ሁለተኛው፥ ሰው ሳያስበው የሚሠራውን የውስጥ አካል የሚያስተዳድረው ነርቭ ሲጎዳ ነው። ሲነሡ ራስ ይዞራል፥ ምግብ በጨጓራ ይቆያል፥ ሽንት ይታወካል፤ የወንድ ኀይልም ይደክማል፥ ይህንንም ብዙ ሰው አፍሮ ይሸሽገዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀው ላብና መንቀጥቀጥ ሊጠፋበት ይችላል።

ሦስተኛው ዳሌንና ጭንን፥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን፥ በብርቱ ሕመም ይዞ ያደክማል። አራተኛው አንድ ነርቭ ብቻ ሲነካ ነው፤ ዓይን አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፥ ወይም ፊት በአንድ ወገን ይወድቃል። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ እየተሻሉ ይሄዳሉ። ነገር ግን የፊት መውደቅ ከአንጎል ሊመጣ ስለሚችል በሽተኛውን ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

እግርን ያለ መሣሪያ መመርመር ይቻላል። በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ያሳወቁት ፈተና እንዲህ ነው። በሽተኛው ዓይኑን ይጨፍን። መርማሪውም የሁለቱን እግሮች አውራ ጣት፥ መካከለኛውን ጣትና ትንሹን ጣት ጫፋቸውን በጣቱ አንድ ወይም ሁለት ሰኮንድ በቀስታ ይንካ፤ አይጫን፥ አይደባብስም። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷልና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

እንዲህ ያለ ሰው በባዶ እግሩ አይሂድ፥ እግሩን ከእሳት አጠገብ አያሙቅ። የመታጠቢያውንም ውኃ በክርኑ ይለካ። በየማታው የእግሩን ውስጥና የጣቶቹን መካከል በብርሃን ይይ፤ ዓይኑ ቢደክም ልጁ ይይለት። ጫማውንም ሳያጠልቅ አራግፎ፥ ጠጠር እንዳይኖርበት ውስጡን በእጁ ይዳብስ።