«ያረጀ ጥይት የሞተ ጥይት ነው»፦ ስለ ጥንታዊ ጥይቶች የሚባለውና እውነቱ

አዳማ የመተላለፊያ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያለፈው በእሷ በኩል ነው፤ ከምሥራቅ ወደ መሐል አገር የሚገሠግሥ ጦርም አዋሽን ተሻግሮ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠውና ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከፋሺስት ጦር ጋር የመጨረሻ ውጊያቸውን ያደረጉት በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አካባቢ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ 11ኛ የአፍሪካ ክፍለ ጦር አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማና በሞጆ በኩል አድርጎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በግንቦት ደግሞ ወደ ደቡብ ታጥፎ ከጣሊያን ጦር ጋር ሻሸመኔ ላይ፣ ቀጥሎም ቁሊቶ ላይ ተዋጋ።

እንዲህ ባለ ምድር ላይ ማሳ ሲታረስ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር አሮጌ ጥይትና ቀለህ ቢወጣ አያስገርምም። በየቤቱም ከአያት የተረፈ ዝናር፣ በሣጥን የተቀመጠ ጥይት አለ። የሚያሳዝነው ስለነዚህ ነገሮች የሚወራው ብዙ፣ የሚታወቀው ግን ጥቂት መሆኑ ነው። ባለማወቅ ምክንያት አንዱ ታሪክ የያዘውን ቀለህ በኪሎ ለቁራሌ ይሸጣል፤ ሌላው ያልፈነዳ ጥይት ለልጆቹ መጫወቻ ይሰጣል። አሮጌ ጥይት መነበብ ያለበት ሰነድ ነው። ለማንበብ ደግሞ መክፈት አያስፈልግም።

የሚባለው፦ «ይህ የዓድዋ ጥይት ነው»

እውነቱ፦ ወፍራምና ጫፉ እርሳስ የሆነ አሮጌ ጥይት ሁሉ የዓድዋ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃ የለውም።

በመጀመሪያ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊታችን ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ እንደነበር የሚነገረው ልክ አይደለም። ከግማሽ የሚበልጠው ጠመንጃ ታጥቋል። ሕዝቡ ውጅግራ የሚለው የፈረንሳዩ ግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊና ማርቲኒ ሄንሪ በሠራዊቱ እጅ ነበሩ። የድሉ ክብር በዚህ አይቀንስም። ዳግማዊ ምኒልክ ለዓመታት በነጋዴ፣ በዲፕሎማሲና በግብር መሣሪያ ሲያከማቹ መኖራቸው የአመራራቸው አንድ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ የጥይቱ ዓይነት ብቻውን ማን እንደተኮሰው አይነግረንም። ጣሊያን 6.5 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርሰውን ካርካኖ ጠመንጃ በ1891 እ.ኤ.አ. ተቀብላ የነበረ ቢሆንም፣ ወደ አፍሪካ የላከችው ጦር በአመዛኙ የያዘው አሮጌውን 10.4 ሚሊሜትር ቬተርሊ ነበር። ቬተርሊ ደግሞ በእኛም በኩል ነበረ። ስለዚህ የቬተርሊ ቀለህ ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጠመንጃ ዕድሜው ረጅም ነው። በ1928ቱ ጦርነት ብዙ አርበኛ የዘመተው የአባቱን ውጅግራ ይዞ ነው። አንድ የግራ ጥይት ከዓድዋ፣ ከማይጨው፣ ከአደን ወይም ከሠርግ ተኩስ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የተገኘበት ስፍራና አብሮት የተገኘው ነገር ነው። አዳማ አጠገብ ከመሬት የወጣን ቀለህ የዓድዋ ነው ከማለት በፊት እዚያ እንዴት እንደደረሰ ማስረዳት ያሻል።

የሚባለው፦ «ጥይት ገንዘብ ነበር የሚሉት የሽማግሌ ጨዋታ ነው»

እውነቱ፦ ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት፣ በተለይም የግራ ጥይት፣ ከማሪያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለዝርዝር መገበያያ ያገለግል ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማሪያ ቴሬዛ ለትንሽ ሸቀጥ ትልቅ ነው፤ አሞሌ ይሰበራል፣ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል። ጥይት ግን መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፣ በቀላሉ ይቆጠራል፣ ለመያዝ ይመቻል፣ ፈላጊውም ብዙ ነው።

ይህን ማወቅ የግኝትን ትርጉም ይለውጣል። ከአሮጌ ቤት ወለል ሥር ያልተተኮሱ የግራ ጥይቶች ተጠቅልለው ቢገኙ፣ የተደበቀ የጦር ስንቅ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ቁጠባም ሊሆኑ ይችላሉ።

የሚባለው፦ «ከሥሩ ያለው ቁጥር የጥይቱ ልክ ነው»

እውነቱ፦ ከቀለሁ ግርጌ የተቀረጹት ፊደላትና ቁጥሮች በጦር ሠራዊት ጥይት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ሁለት ነገር ነው፤ ማን እንደሠራውና መቼ እንደተሠራ። በጣሊያን ጥይት ላይ «936» የሚል ቢገኝ 1936 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን 1 ይተዉታል። በእንግሊዙ 7.7 ሚሊሜትር ጥይት ላይ የፋብሪካው ፊደል፣ ዓመቱና የጥይቱ ሞዴል በሮማውያን ቁጥር ይቀረጻል። በሶቪየት የክላሽ ጥይት ላይ ደግሞ ከላይ የፋብሪካው ቁጥር፣ ከታች የዓመቱ ሁለት አኃዝ ይገኛል።

ይህች ትንሽ ጽሑፍ ብዙ ወሬ ታስተካክላለች። «አያቴ ማይጨው ላይ የተኮሱት ነው» የሚባል ቀለህ ግርጌው ላይ የ1941 እ.ኤ.አ. ምልክት ካለው የማይጨው ሊሆን አይችልም፤ ውጊያው የተካሄደው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነውና። ይህ ግን የቤተሰቡን ታሪክ ውሸት አያደርገውም። አያት ከነጻነት በኋላ የያዙት ሌላ ጥይት ሊሆን ይችላል። ዓመቱ የሚነግረን ጥይቱ መቼ እንደተሠራ እንጂ መቼ እንደተተኮሰ አይደለም።

በጥይት ጫፍ ላይ ስለሚቀባው ቀለምም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀለሙ በየአገሩ የተለያየ ትርጉም አለው። በሶቪየት የክላሽ ጥይት ላይ አረንጓዴ ጫፍ መንገዱን በብርሃን እያሳየ የሚበር ጥይት ምልክት ነው፤ በአሜሪካው 5.56 ሚሊሜትር ጥይት ላይ ግን ያው አረንጓዴ ውስጡ የብረት እምብርት እንዳለው ያመለክታል። አንዳንድ ሌሎች ቀለሞች ተቀጣጣይ ቅመም የያዙ ጥይቶችን ያሳያሉ። ቀለም ያለው ጥይት ያገኘ ሰው ራሱን ባሩድ ብቻ ሳይሆን ሌላ የሚቃጠል ነገርም ፊት እንደቆመ ይቁጠር።

የሚባለው፦ «ዝጓል፣ አርጅቷል፣ ከእንግዲህ አይሠራም»

እውነቱ፦ ሕይወት የሚያስከፍለው አባባል ይህ ነው። ዝገቱ ያለው በውጭ ነው። በውስጥ ያለው ጥቁር ባሩድ ከደረቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ይቀጣጠላል። እርጥበት ገብቶበት የነበረ እንኳ ሲደርቅ ኃይሉ ሊመለስ ይችላል። ቲ ኤን ቲ የተባለው የቦምብ ፈንጂ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ይቀመጣል። አንዳንድ አሮጌ የመድፍ ጥይቶች የያዙት ፒክሪክ አሲድ የሚባል ቅመም ደግሞ ከብረት ጋር ሲቆይ ከመጀመሪያው ይልቅ ለንክኪ የሚበረግግ ጨው ይፈጥራል። በእንዲህ ዓይነቱ ላይ ዕድሜ አደጋውን ይጨምረዋል።

የዓለም ልምድ ይህንኑ ይመሰክራል። በ2014 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም ኢፐር ከተማ አጠገብ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ፈንጂ ሁለት የግንባታ ሠራተኞችን ገድሏል፤ ጦርነቱ ከተጀመረ መቶ ዓመት ሊሞላው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ከ1861 እስከ 1865 ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈ የመድፍ ዓረር ሲያጸዳ የነበረ ሰብሳቢ ፈንድቶበት ሞቷል። ሰውየው በዚህ ሥራ የካበተ ልምድ ነበረው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። ነጠላ የጠመንጃ ጥይት ከጠመንጃ ውጭ በእሳት ቢፈነዳ ከአፈሙዝ እንደወጣ ጥይት ርቆ አይገድልም፤ ቀለሁ ተሰንጥቆ ስብርባሪው ነው የሚፈናጠረው። እሱም ቢሆን ዓይን ያጠፋል፣ ጣት ይቆርጣል። የእጅ ቦምብ፣ የሞርታርና የመድፍ ጥይት፣ የተቀበረ ፈንጂ ግን ገና ሲነካ አካባቢውን ሁሉ ሊያጠፋ የሚችል ነገር ነው። እነዚህ የሰብሳቢ ዕቃዎች አይደሉም። በተጨማሪም ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ እንደተጠቀመች መዘንጋት የለበትም። የታሸገ ዕቃ ውስጥ የቀረ የሰናፍጭ ጋዝ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቆዳ ያቃጥላል።

የሚባለው፦ «መርፌ መትቶታል፤ ስለዚህ ተተኩሷል»

እውነቱ፦ ከግርጌው መሐል ባለችው መለኮሻ ላይ የመርፌ ምልክት ያለው፣ እርሳሱ ግን ከቦታው ያልተነቃነቀ ጥይት አልተተኮሰም፤ ከሽፏል። ባሩዱ እንዳለ ነው፣ መለኮሻውም ሊነሣ ይችላል።

በእርግጥ የመከነ የሚባለው ሌላ ነው። እርሳሱ ወጥቶ የሄደና መለኮሻው የተመታ ባዶ ቀለህ በውስጡ የሚፈነዳ ነገር የለውም። ፋብሪካ ለወታደር ማሠልጠኛ ብሎ የሠራቸው ጥይቶችም አሉ፤ ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ ቀዳዳ ወይም ሸንተረር ይደረግባቸዋል፣ መለኮሻም አይኖራቸውም። ነገር ግን ቀዳዳ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው በኋላ የቀደደው፣ መለኮሻው ግን ያልተነካ ጥይት ሊኖር ይችላልና። በዓይን ታይቶ ጥርጣሬ ካለ፣ እንዳልመከነ መቁጠር ነው የሚበጀው።

የሚባለው፦ «ባሩዱን አፍስሶ ቤት ውስጥ ማምከን ይቻላል»

እውነቱ፦ አይሞከርም። ጥይትም ሆነ ቦምብ ማምከን የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን በተዘጋጀ ስፍራ ነው የሚሠራው። በቶርኖ፣ በመዶሻ፣ በመጋዝ ወይም በእሳት የሚደረግ ሙከራ ሁሉ መለኮሻውን የሚቀሰቅሰውን ነገር፣ ማለትም ምትና ሙቀትን፣ ራሱ ያመጣል። ናስ ለማቅለጥ ቀለህ የሚገዙ ሰዎችም አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ፊውዝ ከጭነቱ ጋር ተቀላቅሎ ምድጃ ከገባ ምን እንደሚከተል ማሰብ አለባቸው። ቁራሌዎችና የብረት ማቅለጫ ሠራተኞች ከማንም በላይ የዚህ አደጋ ተጋላጮች ናቸው።

የሚባለው፦ «ውስጡ ቀይ ሜርኩሪ አለ፤ በሚሊዮን ይሸጣል»

እውነቱ፦ እንደሚወራው ዓይነት ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ተአምረኛ ንጥረ ነገር የለም። በማንኛውም ጥይት፣ ቦምብ ወይም ፈንጂ ውስጥም አልተገኘም። ወሬው ግን በአፍሪካ ከአገር አገር ይዞራል፣ ሰውም ይገድላል። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ ቺቱንጉዊዛ ከተማ አንድ ቤት ውስጥ የደረሰ ፍንዳታ ከአምስት ያላነሱ ሰዎች ሲገድል፣ አደጋው ቀይ ሜርኩሪ ፍለጋ ፈንጂ ከመክፈት ጋር ተያይዞ በሰፊው ተዘግቧል። ገዥ አለኝ የሚል ደላላ ፈንጂውን ራሱ እንደማይከፍተው ልብ በሉ።

የሚባለው፦ «ሲወለወል ዋጋው ይጨምራል»

እውነቱ፦ ይቀንሳል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥይት የሚሰበስቡና የሚያጠኑ ሰዎች ማኅበራት አሏቸው፤ በእነሱ ዘንድ በናስ ላይ የሚጋገረው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ቅርፊት የዕድሜ ምስክር ነው። በአሸዋ ወይም በአሲድ የተፋቀ ቀለህ የግርጌ ምልክቱ ይደበዝዛል፤ ያ ምልክት ከጠፋ ደግሞ ቀለሁ ተራ ናስ ነው። የእርሳስ ብናኝም ለጤና ጎጂ ስለሆነ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

የሚባለው፦ «አንዲት አሮጌ ጥይት ሕግ አያያትም»

እውነቱ፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃን ብቻ ሳይሆን ጥይትንም ይመለከታል። ያልተተኮሰ ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ያስጠይቃል፤ «ለቅርስ ነው የያዝኩት» ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዛል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ገበያ ላይ ያገኘውን ጥይት ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ቢሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መያዙ አይቀርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከመሬት የወጣ ያልፈነዳ ነገር ያገኘ ሰው አይንካው፣ አያንሣው። ልጆችን ያርቅ፣ ቦታውን ከርቀት በሚታይ ምልክት ያመልክት፣ ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ያሳውቅ። በቤቱ ያልተተኮሰ አሮጌ ጥይት ያለው ደግሞ አንሥቶ ወደ ጣቢያ ከመውሰዱ በፊት ለፖሊስ ነግሮ መመሪያ ይቀበል።

ባዶ ቀለህ ያለው ቤተሰብ የቀለሁን ግርጌ ፎቶ ያንሣ፤ የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳቆየውና አያት ምን ብለው እንደነገሩ ይጻፍ። አያቶች ሲያልፉ የማይተካው ይህ ጽሑፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ሕዝቡ ይህን ታሪክ በዓይኑ ለማየት ምን ያህል እንደሚፈልግ አሳይቷል። የአዳማ፣ የባቱና የሻሸመኔ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም የመከኑ ቀለሆችን ከነቃል ታሪካቸው መመዝገብ ቢጀምሩ፣ ስለ 1929 እና ስለ 1933 በስምጥ ሸለቆው የሆነውን ለመጻፍ የሚነሣ ተመራማሪ ከመጻሕፍት ያላገኘውን ማስረጃ እዚያ ያገኛል። ሥራው ደብተር፣ ካሜራና ጠያቂ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ነገሩን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።