ለሪዞርት ስንከፍል ባህሩንም እንገዛለን?

በሜዲትራንያን ዳርቻ ባለ አምስት ኮከብ ሪዞርት የሚገባ እንግዳ ከክፍሉ ቁልፍ ጋር የእጅ አምባር ይታሰርለታል፡፡ ከፕላስቲክ ወይም ከጨርቅ የተሠራች፣ በመቀስ ካልተቆረጠች በቀር የማትወልቅ ቀጭን ማሰሪያ ናት፡፡ ቁርሱ፣ ምሳው፣ እራቱ፣ በመሀል የሚቀርበው ኬክና አይስክሬም፣ ከጠዋት እስከ ሌሊት የሚጠጣው ሁሉ በእርሷ ተጠቃሏል፡፡ ቱርኮቹ አሠራሩን “ሄር ሼይ ዳሂል” ይሉታል፤ “ሁሉም ነገር ያለበት” እንደማለት ነው፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ደግሞ “ሁሉም ነገር” የሚል ውል ሲያይ ጆሮው ይቆማል፡፡ ምን ምኑን ይጨምራል? በተለይ ያ ሁሉ ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣለትን ባህር ይጨምራል ወይ?

ጥያቄው የመጣብኝ ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሙያዊ ስብሰባ ቱርክ ውስጥ ከአንታሊያ ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኘው ቤሌክ በተካሄደ ጊዜ ነው፡፡ ስብሰባው ሦስት ቀን ፈጀ፡፡ እኔና ባለቤቴ ከኪሳችን አራት ቀን ጨምረን ሳምንት ሞላን፡፡ (የጨመርነውን ዋጋ እዚህ እንዳልጽፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፡፡) ቤሌክን በስም የማያውቃት አንባቢ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 የቡድን 20 አገሮች መሪዎች የተሰበሰቡባት ቦታ ናት፡፡

ቤሌክ እንደ ብዙዎቹ የሜዲትራንያን የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ቀስ በቀስ ወደ ቱሪስት ከተማነት ያደገች አይደለችም፡፡ የቱርክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው የቱሪዝም ማበረታቻ ሕግ የመንግሥትን መሬት ለባለሀብቶች እስከ 49 ዓመት መስጠት ቻለ፡፡ በ1984 ቤሌክ የቱሪዝም ማዕከል ተብላ ተከለለች፡፡ የጥድ ደንና አሸዋ የነበረው ዳርቻ ተሸንሽኖ ለሆቴል ሠሪዎች ታደለ፤ የጎልፍ ሜዳዎችም ተከተሉ፡፡ ስለዚህ ሆቴሉ የቆመበት መሬት የሆቴሉ አይደለም፤ እኛ አገር ሊዝ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፡፡

ምቾቱን በተመለከተ ሐሜት የለኝም፡፡ የቁርሱን አይብና የወይራ ዓይነት ቆጥሬ አልጨረስኩም፡፡ አንዲት እናት በሰፊ ምጣድ ላይ “ጎዝለሜ” የሚሉትን ስስ ቂጣ አይብና ቆስጣ እያደረጉ ሲጋግሩ ባለቤቴ ከአጠገባቸው አልጠፋ ብላ የቋንቋ ነገር ሳያግዳቸው ወዳጆች ሆነዋል፡፡ ባህሩ ሞቃት፣ አሸዋው በየማለዳው የሚበጠር ነው፡፡ አንድ ነገር ብቻ አስቆኛል፡፡ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ከባህሩ ፊት ባሉት መጋደሚያ ወንበሮች ላይ ፎጣ አንጥፈው ተመልሰው የሚተኙ እንግዶች አሉ፡፡ የሮማ ሕግ ባለቤት የሌለውን ነገር ቀድሞ የያዘው ባለቤት ይሆናል ይላል፤ ፎጣ ማንጠፍ ግን መያዝ ነው ወይ የሚለውን የሮማ ሊቃውንት አልፈቱትም፡፡

ይህ ሁሉን በአንድ ዋጋ የማቅረብ ዘዴ የሀብታም ፈጠራ አልነበረም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950 ቤልጅጋዊው ጄራር ብሊትዝ በስፔን ማዮርካ ደሴት፣ አልኩዲያ በምትባል ቦታ ድንኳን ተክሎ እንግዳ ሲቀበል የተጀመረ ነው፡፡ ድርጅቱ ኋላ ክለብ ሜድ በሚል ስም የታወቀው ነው፡፡ ሀሳቡ ከጦርነት የወጣ አውሮፓዊ ስለ ገንዘብ ሳያስብ በባህር ዳር ጥቂት ቀን እንዲያርፍ ነበር፡፡ ዛሬ ድንኳኑ በእብነ በረድ ተተክቷል፡፡ ከቤሌክ ወደ አንታሊያ በሚወስደው አቅጣጫ ባለው የኩንዱ ዳርቻ የሞስኮን ክሬምሊን፣ የኢስታንቡሉን ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት፣ የታይታኒክን መርከብ ሳይቀር የሚመስሉ ሆቴሎች ተደርድረው ያያሉ፡፡ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሆቴሉ ክፍሎቹን አስቀድሞ ለአስጎብኚ ድርጅቶች በጅምላ ይሸጣል፣ ምግቡንም በጅምላ ይገዛል፣ እንግዳው ከግቢ እንዳይወጣ ያደርጋል፡፡ ከግቢ የማይወጣ እንግዳ ግን ከመንደሩ ምግብ ቤት አይበላም፡፡ የቱርክ ባለሱቆች ይህን አሠራር የማይወዱት ለዚህ ነው፡፡

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፡፡ በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ የሆቴሉን መግለጫ እያገላበጠች “የግል የባህር ዳርቻ ይላል፤ ባህሩንም ገዝተውታል እንዴ?” አለችኝ፡፡ አልገዙትም፤ ሊገዙትም አይችሉም፡፡

የቱርክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 የባህር ዳርቻዎች በመንግሥት ሥልጣንና ቁጥጥር ሥር መሆናቸውን ይደነግጋል፡፡ በባህር፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር የሚደረግ ማንኛውም አጠቃቀም በቅድሚያ የሕዝብን ጥቅም እንዲያይም ያዛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የባህር ዳርቻ ሕግ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው፡፡ ዳርቻው ለማንም ሰው በእኩልነትና በነጻ ክፍት ነው፡፡ በላዩ አጥር፣ ግንብ፣ ሽቦ፣ ቦይ ወይም ሌላ መሰናክል ማድረግ ክልክል ነው፡፡ ሆቴሉ ከመንግሥት ተከራይቶ ጃንጥላና ወንበር ማስቀመጥ፣ አገልግሎት መሸጥ ይችላል፡፡ “የግል ዳርቻ” ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ጥላው የግል ነው፣ አሸዋው አይደለም፡፡

ነገሩ የቱርክ ብቻ አይደለም፤ ዘሩ እዚያው አገር ቢሆንም፡፡ የሕግ ተማሪ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ533 በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬይቱ ኢስታንቡል፣ ባወጀው የሕግ ማስተማሪያ መጽሐፍ አየር፣ ወራጅ ውሃ፣ ባህርና በባህሩም ምክንያት የባህር ዳርቻ በተፈጥሮ ሕግ የሁሉም ናቸው ተብሏል፡፡ ዳርቻው እስከ የት እንደሚደርስም ይነግረናል፤ በክረምት ትልቁ ማዕበል እስከሚደርስበት፡፡ ከ1400 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ሀሳብ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በጣሊያንና በግሪክ ሕጎች ውስጥ በየመልኩ ይገኛል፡፡

ሕግ ከወረቀት ሲወርድ ምን እንደሚመስል ለማየት በማግስቱ ጠዋት ከሆቴላችን ወጥቼ እግሬን ውሃው እየነካው ወደ ምሥራቅ አቀናሁ፡፡ የኛ ጃንጥላዎች ነጭ ነበሩ፤ ሰማያዊ ሆኑ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ እንደገና ነጭ፡፡ ቀለሙ በተቀየረ ቁጥር ሆቴሉ ተቀየረ ማለት ነው፡፡ የጠየቀኝ አልነበረም፡፡ በአንዱ ላይ ሆን ብዬ ወደ ወንበሮቹ ጥቂት ስጠጋ አንድ ወጣት ጥበቃ መጣ፤ አምባሬን አየ፣ ቀለሟ የእነሱ አለመሆኑን አወቀ፣ ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ ውሃው አመለከተኝ፡፡ ሕጉ ማለት እሱ ነው፡፡ መሄድ ትችላለህ፣ መቀመጥ ግን በወንበራችን አይደለም፡፡ ቅር አላለኝም፡፡

ቅር ያለኝ በሌላው በኩል ነው፡፡ ከሰዓት በኋላ በመኪና መንገዱ በኩል በእግሬ ወጣሁ፡፡ ግንብ፣ ዛፍ፣ የጥበቃ በር፤ ግንብ፣ ዛፍ፣ የጥበቃ በር፡፡ ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው ረጅም ርቀት ብሄድም ወደ ባህሩ የሚያወርድ የእግር መንገድ አላገኘሁም፡፡ በመጨረሻ ታክሲ ይዤ “ሃልክ ፕላጂ” ወደሚሉት፣ የሕዝብ ዳርቻ ማለት ነው፣ ሄድኩ፡፡ እዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ሐብሐብ ቆርሶ፣ ባለ ሁለት ደርብ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጥዶ ተቀምጧል፤ ልጆች ይንጫጫሉ፤ አያቶች ልብሳቸውን እንደለበሱ እግራቸውን ውሃ ነክረዋል፡፡ ጥሩ ቦታ ነው፤ ግን ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው፡፡ በሁለቱም ወገን የሆቴሎቹ ሰፊ አሸዋ ይታያል፡፡

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል፡፡ የሆቴሉ ግቢ በሕግ የተሰጠው ነው፤ በመንገድ በኩል በር ቢያቆም አያስገርምም፡፡ ዳርቻው ደግሞ የሁሉም ነው፡፡ ሁለቱም ድንጋጌዎች ሳይጣሱ ሕዝቡ ከባህሩ ሊቀር ይችላል፤ ምክንያቱም በውሃ በኩል ያለው መብት በየብስ በኩል መንገድ የለውም፡፡ አብሮን ከተሰበሰበ አንድ የአገሩ ጠበቃ ጋር ስንወያይ “መብትህን ለመጠቀም ወይ መዋኘት ወይ ክፍል መያዝ አለብህ” ብሎ አሳቀኝ፡፡

ፈረንሳዮች ይህን ቀድመው አይተውታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ሕግ ከባህር ጋር የሚዋሰን ባለይዞታ ሁሉ ለእግረኛ የሦስት ሜትር መተላለፊያ እንዲተው አደረጉ፡፡ የ1986ቱ የባህር ዳርቻ ሕግ ደግሞ ወደ ዳርቻው የሚያደርስ የሕዝብ መንገድ በ500 ሜትር ውስጥ ከሌለ በግል መሬት ላይ አቋራጭ መተላለፊያ ሊጣል እንደሚችል ደነገገ፡፡ በፍትሐ ብሔር ቋንቋ የንብረት አገልግሎት የምንለው ነው፡፡ እዚያም ቢሆን ጠብ አልጠፋም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 የሳዑዲው ንጉሥ ሳልማን በቫሎሪስ ባላቸው ቪላ ሲያርፉ ከቪላው ሥር ያለው የሕዝብ ዳርቻ ለደኅንነት ተብሎ ተዘጋ፡፡ ከ100 ሺሕ በላይ ሰው የተቃውሞ ፊርማ አኖረ፡፡ ንጉሡም ካሰቡት ጊዜ ቀደም ብለው ወደ ሞሮኮ ሄዱ፡፡

ግሪኮች ጉዳዩን በፎጣ ይዘውታል፡፡ በ2023 ክረምት በፓሮስ ደሴት የተነሱ ነዋሪዎች ኪራይ ወንበር ለሕዝብ ቦታ አላስቀረልንም ብለው ፎጣቸውን ይዘው ወጡ፤ “የፎጣ ንቅናቄ” ተባለ፡፡ በ2024 የወጣው ሕግ ከእያንዳንዱ ዳርቻ ቢያንስ ግማሹ፣ በተፈጥሮ ጥበቃ ሥር ባሉት ደግሞ 70 በመቶው ከወንበር ነጻ እንዲሆን አስገደደ፡፡ ከውሃው ጠርዝ አራት ሜትር ድረስም ጃንጥላ መትከል ተከለከለ፤ ዜጋው ጥሰት በስልኩ የሚጠቁምበት መተግበሪያም ተዘረጋ፡፡ ጣሊያን ከዓመት ዓመት ሲታደሱ የኖሩ የዳርቻ ኪራዮችን በጨረታ እንድትሰጥ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ስትጨቃጨቅ ቆይታ፣ በ2024 ቀነ ገደቡን ወደ 2027 ገፍታዋለች፡፡

አንድ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ባለመብት አለ፡፡ ቤሌክ በቱርክ ካሬታ የተባለችው የባህር ኤሊ በብዛት እንቁላል ከምትጥልባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው፡፡ በወንበሮቹ መካከል የብረት ፍርግርግ ተደፍቶ አይቼ ስጠይቅ ከሥሩ ጎጆ እንዳለ ተነገረኝ፡፡ በአንድ ጎጆ መቶ ያህል እንቁላል ይኖራል፤ በሁለት ወር ገደማ ይፈለፈላል፡፡ ጫጩቶቹ በሌሊት ወጥተው ወደሚያበራው አድማስ ይሮጣሉ፡፡ በተፈጥሮ የሚያበራው ባህሩ ነበር፤ ዛሬ የሆቴሉ ባር ሊሆን ይችላል፡፡ እዚያው ቱርክ፣ ዳልያን አጠገብ ያለው የኢዝቱዙ ዳርቻ ግን ሌላ ዕጣ ደርሶታል፡፡ በ1980ዎቹ ሊሠራበት የነበረው ትልቅ ሆቴል በተነሳው ተቃውሞ ቀርቶ በ1988 ቦታው ጥበቃ ሥር ገባ፡፡ አሁን ቀን ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ሌሊት ለኤሊዎቹ ተዘግቶ ያድራል፡፡

ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ቢኖር ክፍል ከመያዙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፡፡ ዳርቻው ከግቢው ጋር የተያያዘ ነው ወይስ በመኪና የሚያደርሱበት? ወንበሩ በዋጋው ውስጥ ነው? “ሁሉም ነገር” የሚለው ከውጭ የገቡ መጠጦችንና በምርጫ የሚታዘዝባቸውን ምግብ ቤቶች ይጨምራል? በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ የመስከረም ባህር ይሻላል፡፡

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የባህር ዳርቻን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረቶች መካከል ይቆጥራል፡፡ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩና ምንጩ ሩቅ አይደለም፡፡ ባህሩ በ1985 ዓ.ም. ሄደ፤ ቃሉ በሕጉ ውስጥ ቀረ፡፡ ሐይቆቻችን ግን አሉ፣ ሪዞርቶቹም እየበዙ ነው፡፡ ቢሾፍቱ ወርዶ ሐይቅ ዳር መቀመጥ የፈለገ ሰው በብዙ ቦታ አስቀድሞ በአንዱ ሆቴል በር ገብቶ ሻይ ማዘዝ አለበት፡፡ ሀዋሳ ላይ ግን ማንም ሰው እሁድ ከሰዓት ልጆቹን ይዞ የፍቅር ሐይቅን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ምንም ማዘዝ አይጠበቅበትም፡፡ ሬኔ ዳቪድ ካመጡልን ሕግ አገር የመጣው የሦስት ሜትር መተላለፊያ በሐይቅ ዳር የሊዝ ውሎች ውስጥ ቢጻፍ ባለሀብቱን የሚያሳጣው አንድ ረድፍ ወንበር ነው፡፡