ያውቁ ኖሯል? ቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም

እጅን ለመጠበቅ የተሠራው ጓንት በቶርኖ፣ በትራፓኖና በፍሬዛ ማሽኖች ሥራ ላይ እጅን ለአደጋ የሚያጋልጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ባዶ ጣት የሚሽከረከር ብረት ሲነካ ሊላጥ ወይም ሊቆረጥ ይችላል። ጓንት ግን በቀላሉ አይቀደድም፤ ጫፉ አንዴ ከተያዘ ጣትን፣ ከዚያም ክንድን ጎትቶ ያስገባል።

ፍጥነቱን ልብ ይበሉ። በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚዞር፣ ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ በሩብ ሰከንድ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። ይህ የአንድ ሰው ክንድ ርዝመት ያህል ነው። ሩብ ሰከንድ ደግሞ ሰው ደንግጦ እጁን ለመሰብሰብ እስኪጀምር የሚያልፍ ጊዜ ነው። ማጥፊያው ቢመታም ማንድሪኖው (ብረቱን አንቆ የሚያዞረው ክፍል) ወዲያው ቀጥ ላይል ይችላል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ከተሞች በደማምና በኮባር የሰኔና የሐምሌ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ ስለሚወጣ የላብ መጥረጊያ ጨርቅ አንገት ላይ ማንጠልጠል፣ እጅጌንም ሳይቆልፉ መተው ያጓጓል። የሁለቱም አደጋ ከጓንቱ አይለይም። ቀለበት፣ የመታወቂያ ማንጠልጠያና ያልታሰረ ረጅም ፀጉርም እንዲሁ።

የጓንት ቦታው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ስለታም ብረት ሲነሳ ነው። ከብረቱ ተልጎ የሚወጣው ረጅም ጥምዝ ፍቅፋቂም እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ የሚነሳው ማሽኑ ከቆመ በኋላ፣ በመንጠቆ ወይም በብሩሽ ነው። የማንድሪኖው ቁልፍ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ካልወጣ ተስፈንጥሮ ሰው ይመታል፤ ስለዚህ ቁልፉ እዚያው እንዳለ እጅ አይለቀውም።