ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ትገኛለች። በዚህ የገብስና የድንች ደጋ ልጅን ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርሰው ነገር አንዳንዴ ከአንድ ጀንበር አያልፍም፤ በግጦሽ የተነሳ የእረኞች ጠብ፣ የጠፋ ሞባይል፣ ጥምቀት ላይ የተሰነዘረ ዱላ። ወላጅ ወዲያው ዋስ ወይም ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጣል። ከሁለቱም በፊት ግን የልጁን ዕድሜ የሚያስረዳ ወረቀት መፈለግ አለበት ባይ ነኝ።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ ይከፍላል። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፤ ነገር ግን በቅድሚያ የሚታሰብለት ወቀሳ፣ ክትትል ያለበት ትምህርት፣ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ መወሰን፣ ሲብስም ጠባይ ማረሚያ ተቋም ነው። 15 አልፎት 18 ያልሞላው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት አይፈረድበትም። «18 ካልሞላው ምንም አይሆንም» የሚለው የሰፈር ምክር ብዙ ጎረምሳ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ የ16 ዓመት ልጅ ማረሚያ ቤት ሊገባ ይችላል። የመነሻው 9ም ቢሆን ዝቅተኛ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ14 እንዳያንስ መክሯል።

ታዲያ ዕድሜ በምን ይታወቃል? በአገሪቱ የልደት ምዝገባ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ይፈለጋሉ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሱ የተነሱበት ቀን ከታወቀ የተወለዱበትን ማስላት አይከብድም። ወረቀት ከሌለ የሐኪም ምርመራ ይታዘዛል፤ ሐኪም ግን የሚሰጠው ግምት ነው፣ በ14 እና በ16 መካከል ላለ ልጅ ደግሞ ያቺ የግምት ልዩነት ዕጣውን ትወስናለች። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ለመውረድ ዕድሜውን ጨምሮ መታወቂያ ያወጣ ልጅ፣ ያው መታወቂያ ችሎት ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣበት ይችላል።

ጣቢያ ውስጥስ? ሕገ መንግሥቱ ማንኛውም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ያለመናገር መብት እንዳለውም እንዲነገረው ያዛል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቅዶ ስለነበር፣ ይህን ሰዓት መቁጠር ለብዙ ቤተሰብ ትርጉም አጥቶ ከርሟል። ቢሆንም ልጁ ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ «ቤተሰቤ ሳይመጣ ቃል አልሰጥም» ቢል ጥፋት አይደለም። ያላነበበውን ወይም ያልተነበበለትን ቃል ግን መፈረም የለበትም። ተገዶ የሰጠው ቃል በማስረጃነት አይያዝም፤ ሆኖም መገደዱን ማሳየት ከባድ ስለሆነ መጀመሪያውኑ ባይፈርም ይሻለዋል።

ሽምግልናን አልንቅም። በግል አቤቱታ ብቻ በሚከሰስ ቀላል ጉዳይ ተበዳይ አቤቱታውን ሲያነሳ ነገሩ ያበቃል። ስርቆትና ከባድ ጉዳት ግን በሽማግሌ ፊት ቢታረቁም ዐቃቤ ሕግ ይዞት ይቀጥላል። እርቁ ደም ያደርቃል፤ መዝገብ አይዘጋም። ለጠበቃ አቅም የሌለው ቤተሰብ ችሎቱን ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ተቋም ይግባ ቢባል ወዴት? ለረጅም ዘመን በአገሪቱ በጠባይ ማረሚያነት ይታወቅ የነበረው አዲስ አበባ ልደታ ያለው ብቻ ነው። ከወገራ እዚያ መላክ ልጁን ከወላጅም ከትምህርትም መንቀል ስለሚሆን ዳኛ የሚያመነታበት ምክንያት አለው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም 15 ያልሞላው ልጅ ጉዳዩ ሲቀጠር ለወላጅ ወይም ለዘመድ፣ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን የሚረከበው ሰው ችሎት ይገኝ፤ አባት እርሻ ላይ ከሆነ አጎት፣ እሱም ካልተመቸው የክርስትና አባት።