የጊታር ፔዳልን ከኮምፒዩተር ዩኤስቢ ማስነሳት ይቻላል?

ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ቤቱ ሲለማመድ ወይም ሙዚቃ ሲቀዳ ከፊቱ ላፕቶፕ፣ ከእግሩ ሥር ደግሞ ኢፌክት ፔዳል መኖሩ የተለመደ ነው። የፔዳሉ አዳፕተር ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ዓይን የሚያርፈው ላፕቶፑ ጎን ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ነው። ለመሆኑ ስልክ የምንሞላበት ይኸው ቀዳዳ ፔዳል ማስነሳት ይችላል? ይችላል። ይሁን እንጂ ገመዱ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። እንዲያውም ሳይጣራ የተሰካ ገመድ ውድ ዕቃን በቅጽበት ከጥቅም ውጪ ሊያደርግ ይችላል።

5 ቮልት እና 9 ቮልት

የተለመደው ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ሲሆን አብዛኞቹ ፔዳሎች የተሠሩት ለ9 ቮልት ነው። ቁጥሩ የመጣው ቀደምት ፔዳሎች ይሠሩበት ከነበረው አራት ማዕዘን ባትሪ ነው። የ9 ቮልት ፔዳል 5 ቮልት ቢያገኝ አብዛኛውን ጊዜ አይቃጠልም። ዲስቶርሽን ከሆነ ድምፁ ደክሞ ወይም ተለውጦ ሊሠራ ይችላል፤ እንደ ዲሌይና ሪቨርብ ያሉ ዲጂታል ፔዳሎች ግን ጨርሶ ላይነሱ ይችላሉ።

መፍትሔው 5 ቮልቱን ወደ 9 የሚያሳድግ መለወጫ ያለው ገመድ ነው። ነገር ግን መለወጫው ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ አምፔሩን ይቀንሳል። በዩኤስቢ 2.0 ደንብ አንድ ቀዳዳ የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ 15 በመቶው በመለወጫው ውስጥ በሙቀት ይባክናል ብንል፣ በ9 ቮልት የሚተርፈው 235 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። እስከ 900 ሚሊ አምፔር በሚሰጠው ዩኤስቢ 3.0 በተመሳሳይ ስሌት 425 ገደማ ይገኛል። ከ20 ሚሊ አምፔር በታች ለሚወስድ ተራ ዲስቶርሽን ይህ ከበቂ በላይ ነው። አንዳንድ ዲጂታል ፔዳሎች ግን 300 እና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቁ አስቀድሞ መመሪያቸውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ፔዳሎች የመሰኪያው መሐል ኔጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። በሌሎች የቤት ዕቃዎች ላይ ግን በብዛት የሚታየው ተቃራኒው ነው። ለምሳሌ መብራት ሲጠፋ የዋይፋይ ራውተርን ከፓወር ባንክ ለማስነሳት የሚሸጠው ባለ 9 ቮልት ገመድ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። መጠኑ ተመሳሳይ በመሆኑ ፔዳሉ ላይ ልክ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ተገልብጦ ይሄዳል። አንዳንድ ፔዳሎች ለዚህ መከላከያ ቢኖራቸውም ሁሉም የላቸውም።

ስለዚህ ከመሰካት በፊት ፔዳሉ ላይ የታተመውን ትንሽ የክብ ምልክት ማየት ይገባል። ከመሐለኛው ነጥብ ጋር የተያያዘው የመቀነስ ምልክት ከሆነ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። የገመዱን ደግሞ በቴስተር መለካት ይቻላል።

በዩኤስቢ ሲ የሚሠሩ አዳዲስ ቻርጀሮች ከተጠየቁ ያለ ማሳደጊያ 9 ቮልት ሊሰጡ ይችላሉ። ይህን የሚጠይቅ ልዩ ገመድም ይሸጣል። ገመዱ በስህተት 20 ቮልት የሚጠይቅ ከሆነ ግን ለፔዳሉ አደገኛ ነው። የላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ደግሞ ወደ ውጪ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ብቻ ነው።

አንዳንድ ፔዳሎች የራሳቸው የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። እንደ ዙም ኤምኤስ 50ጂ ያሉት በዚያው ቀዳዳ ኃይል አግኝተው ይሠራሉ። በሌሎቹ ላይ ግን ቀዳዳው ከኮምፒዩተር ጋር መረጃ ለመለዋወጥ ብቻ የተሠራ በመሆኑ አዳፕተሩን አይተካም።

የማይፈለገው ድምፅ

ሁሉም ተስተካክሎ ፔዳሉ ከተነሳ በኋላ ከድምፅ ማጉያው ጉርምርምታ ወይም ቀጭን ፉጨት ሊሰማ ይችላል። ፔዳሉ ከኮምፒዩተሩ ጋር በዩኤስቢም በድምፅ ገመድም ሲገናኝ የኔጌቲቩ መስመር ሁለት መንገድ ይኖረዋል፤ የኮምፒዩተሩ የውስጥ ረብሻም በዚያ አልፎ ከጊታሩ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ለመፈተን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ ማዳመጥ ይበቃል። ረብሻው ከቀነሰ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው። ሁነኛው መፍትሔ ፔዳሉን ከኮምፒዩተሩ ለይቶ በፓወር ባንክ፣ በባትሪ ወይም መስመሩ በተነጠለ የኃይል ሳጥን ማስነሳት ነው።

ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብለው የድምፅ ማጉያውን የኧርዝ መስመር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የጊታሩ ክር በገመዱ በኩል ከዚያው መስመር ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ማጉያው ውስጥ ብልሽት ቢፈጠር 220 ቮልቱ የሚደርሰው በተጫዋቹ እጅ ላይ ነው።

በአጠቃላይ ቮልቱ፣ የመሰኪያው መሐልና አምፔሩ ከተጣሩ ዩኤስቢ ለልምምድም ሆነ ለችግር ቀን ያገለግላል። ለቀረጻና ለመድረክ ሥራ ግን ለፔዳል ተብሎ የተሠራ አዳፕተር ቢያዝ ይመረጣል።